ወረቀት የሌላቸው ልጆች በፍርድ ቤት፦ የታይለር ከተማ ጉዳይ

ወረቀት፣ ማለትም ሕጋዊ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለው ሰው መብትም የለውም ብለው የሚያምኑ ብዙ ናቸው፤ ከነዚህም ውስጥ ወረቀት የሌላቸው ራሳቸው ይገኙበታል። አሠሪ የሠሩበትን ሲከለክላቸው ዝም የሚሉት፣ አከራይ በድንገት ውጡ ሲላቸው ሻንጣቸውን ይዘው የሚወጡት፣ ልጃቸውን ትምህርት ቤት ለማስመዝገብ የሚያመነቱት “ብናገር ራሴን አጋልጣለሁ፤ ደግሞስ በምን መብቴ?” እያሉ ነው። ፍርሃታቸው መሠረት አለው። እምነታቸው ግን ስሕተት ነው። በአሜሪካ ይህን ስሕተት እኔ እስከማውቀው ድረስ ከሁሉም አጥርቶ ያሳየው ከምሥራቅ ቴክሳስ የተነሣ አንድ የትምህርት ቤት ክስ ነው።

ክሱ “ፕላይለር እና ዶ” ይባላል። ጄምስ ፕላይለር በታይለር ከተማ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች የበላይ ኃላፊ ነበሩ። ዶ ደግሞ ማንነቱ እንዳይገለጥ የሚፈለግ ሰው በአሜሪካ ፍርድ ቤት የሚመዘገብበት የሽፋን ስም ነው። ጉዳዩን በዝርዝር የማቀርበው ሁለት ነገር አንድ ላይ ስለሚያሳይ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ ወረቀት የሌለውን ሰው እስከ የት እንደሚጠብቀውና ያ ጥበቃ የት ላይ እንደሚያበቃ። ቀናቱ፣ ወራቱና ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕጉና ከተማዋ

በግንቦት 1975 የቴክሳስ ምክር ቤት የትምህርት ሕጉን አሻሻለ። ማሻሻያው በሕጋዊ መንገድ ወደ አሜሪካ ላልገቡ ልጆች ማስተማሪያ ከግዛቱ ካዝና ገንዘብ እንዳይወጣ ከለከለ፤ በየአካባቢው ያሉ የትምህርት ዲስትሪክቶችም ከፈለጉ እነዚህን ልጆች አንመዘግብም እንዲሉ ፈቀደላቸው። ስለዚህ እያንዳንዱ ዲስትሪክት ምርጫ ነበረው፤ ልጆቹን በራሱ ወጪ ማስተማር፣ ወላጆቻቸውን ማስከፈል ወይም በሩን መዝጋት።

ታይለር በጽጌረዳ እርሻዋ የታወቀች ከተማ ናት። ለእርሻውና ለፋብሪካዎቹ ጉልበት ከሚሰጡት መካከል ከሜክሲኮ የመጡ ቤተሰቦች ነበሩበት። ከተማዋ ከድንበር ሩቅ ስለሆነች ቁጥራቸው ብዙ አልነበረም። ዲስትሪክቱ ከነበሩት 16,000 ገደማ ተማሪዎች ውስጥ ወረቀት የሌላቸው 60 እንኳ አይሞሉም ነበር። ሕጉ ከወጣ በኋላም ለሁለት ዓመት ያህል ማንም ምንም አላላቸውም፤ እንደማንኛውም ልጅ በነፃ ተመዝግበው ተማሩ።

በሐምሌ 1977 ግን የዲስትሪክቱ ቦርድ ሐሳቡን ለወጠ። ሌሎች ከተሞች በራቸውን እየዘጉ ታይለር ክፍት ከሆነች ወረቀት የሌላቸው ቤተሰቦች መሰብሰቢያ ትሆናለች የሚል ስጋት ነበር። ስለዚህ አንድ ልጅ በነፃ ለመማር በሕጋዊ መንገድ መግባቱን የሚያሳይ ሰነድ ማቅረብ፣ ወይም ሰነዱን በማውጣት ላይ መሆኑን ከፌዴራሉ ኢሚግሬሽን ማረጋገጫ ማምጣት አለበት ተባለ። ይህን የማይችል በዓመት 1,000 ዶላር ይክፈል። በእርሻና በፋብሪካ ዝቅተኛ ደመወዝ ሦስት አራት ልጅ ለሚያሳድግ አባት ይህ ክፍያ በሩን ከመዝጋት አይለይም። ትምህርት ሲከፈት ልጆቹ ወደ ቤት ተመለሱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል። ቦርዱም ሆነ የቴክሳስ ሕግ አውጪዎች እነዚህን ቤተሰቦች ከአገር የማስወጣት ሥልጣን አልነበራቸውም፤ ያ የፌዴራሉ መንግሥት ሥራ ነው። እዚያው መኖራቸውን፣ እዚያው መሥራታቸውን፣ በሚገዙት ዕቃና በሚከፍሉት ኪራይ በኩል እዚያው ግብር መክፈላቸውን ቀጥለው ልጆቻቸው ብቻ እንዳይማሩ ነው የተደረገው። የክሱ ጉልበት በሙሉ ከዚህ ሁኔታ የሚወጣ ይመስለኛል።

ክሱ

ልጆቹን በመወከል የቆመው ማልዴፍ በሚል ምሕፃር የሚታወቀው የሜክሲኮ አሜሪካውያን የሕግ መከላከያና የትምህርት ፈንድ ነው። ዋናው ጠበቃ ፒተር ሩስ ሲሆን እዚያው ታይለር የሚሠራው ላሪ ዴቭስ አብሮት ነበር። በመስከረም 1977 በአራት ቤተሰቦች 16 ልጆች ስም ክሱ በፌዴራል ፍርድ ቤት ተከፈተ።

የታይለር መመረጥ በአጋጣሚ የሆነ ብቻ አይደለም። በዚያው ጊዜ በሂዩስተንና በሌሎች ትልልቅ ከተሞች ተመሳሳይ ክርክር ይነሣ ነበር። ሂዩስተን ግን ወረቀት የሌላቸው ልጆች በብዛት የሚኖሩባት ስለሆነች ግዛቱ “በጀታችን ተናጋ፣ ክፍሎቻችን ሞሉ” ብሎ በአኃዝ ሊከራከርባት ይችላል። በታይለር ግን እንዲህ ያለ ክርክር ማቅረብ ከባድ ነው፤ ከ16,000 ተማሪ መካከል 60 የማይሞሉ ልጆች የአንድን ዲስትሪክት ኪስ አራቆቱ ብሎ ዳኛ ማሳመን አይቻልም። በሕግ ክርክር ውስጥ መርሁ ምንም ያህል ትክክል ቢሆን የሚቆምበት ማስረጃ መልካም ካልሆነ ይወድቃል፤ ሩስ ይህን ያውቅ ነበር።

ጉዳዩ የቀረበላቸው ዳኛ ዊሊያም ዌይን ጀስቲስ ናቸው። በ1968 በፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የተሾሙ ሲሆን የቴክሳስ ትምህርት ቤቶች ጥቁርና ነጭ ሳይለዩ እንዲያስተምሩ በሰጡት ትእዛዝ ምክንያት በሚኖሩባት በታይለር ብዙ ሰው ፊቱን ያዞረባቸው ሰው ነበሩ።

ወላጆቹ የነበሩበትን ሁኔታ ማሰብ ያስፈልጋል። ክስ ማቅረብ ማለት በፌዴራል ፍርድ ቤት ቆሞ “እዚህ አገር ያለ ፈቃድ ነው የምኖረው” ብሎ መናገር ነው። ዳኛው ቤተሰቦቹ በሽፋን ስም እንዲከራከሩ ፈቀዱ፤ ሰው እንዳያያቸውም የመጀመሪያውን ችሎት ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ አስቻሉ። እንዲያም ሆኖ ቤተሰቦቹ ወደ ፍርድ ቤት የመጡት ዕቃቸውን በመኪናቸው ጭነው ነው። ከችሎቱ በቀጥታ ወደ ድንበር ብንወሰድ ብለው ተዘጋጅተው ነበር። ስለዚህ ፍርድ የሚጻፉ ሐተታዎች አብዛኛውን ጊዜ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ዘጠኝ ዳኞች ስም ይደረድራሉ፤ የመጀመሪያውን ዋጋ ለመክፈል የተነሡት ግን እነዚህ ወላጆች ናቸው።

ዳኛ ጀስቲስ ወዲያው ጊዜያዊ እግድ ሰጡ፤ ልጆቹም ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። በታኅሣሥ ሰፊ ማስረጃ ሰሙ፤ በ1978ም ሕጉ የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ይጥሳል ብለው ወሰኑ። በዚህ ደረጃ የተመዘገቡት የፍሬ ነገር ግኝቶች ኋላ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ወሳኝ ሆኑ። ሰዎቹ ወደ ቴክሳስ የሚመጡት ሥራ ፍለጋ እንጂ ነፃ ትምህርት ፍለጋ አይደለም። ልጆቹን ከትምህርት ማገድ ለግዛቱ ጥቂት ገንዘብ ያተርፍ እንደሆነ እንጂ የትምህርቱን ጥራት ከፍ እንደሚያደርግ የሚያሳይ ነገር አልተገኘም። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ1980 ውሳኔውን በእኩል ጥበቃ፣ ማለትም ሕግ ሰውን ሁሉ እኩል ይጠብቅ በሚለው ነጥብ አጸና። በዚያው ዓመት የሂዩስተኑ ዳኛ ዉድሮ ሲልስ ሳምንታት የፈጀ ማስረጃ ሰምተው ተመሳሳይ ፍርድ ሰጡ። ሁለቱ ጉዳዮች ተጣምረው ዋሽንግተን ወዳለው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዱ።

ሰው የሚለው ቃል ማንን ይጨምራል

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 14ኛ ማሻሻያ ማንኛውም ግዛት በሥልጣኑ ክልል ውስጥ ላለ ለማንኛውም ሰው የሕግን እኩል ጥበቃ እንዳይነፍግ ይከለክላል። ዜጋ አይልም፤ ሰው ነው የሚለው። ቴክሳስ ግን እንዲህ ስትል ተከራከረች፦ ሰውየው ያለ ፈቃድ ስለገባ በአካል እዚህ ቢኖርም በሕግ ዓይን በክልላችን ውስጥ የለም፤ ስለዚህ አንቀጹ አይመለከተውም።

ይህ ክርክር የት እንደሚያደርስ ማሰብ ነው። ቢያሸንፍ ኖሮ የሚነካው ትምህርት ቤት ብቻ አይሆንም። ወረቀት የሌለው ሰው ሲዘረፍ ፖሊስ፣ ሲበደል ፍርድ ቤት፣ ሲታመም ድንገተኛ ክፍል የመድረሱ ጉዳይ ሁሉ በግዛቱ በጎ ፈቃድ ላይ ይንጠለጠል ነበር። በታኅሣሥ 1 ቀን 1981 በተደረገው የቃል ክርክር ዳኛ ተርጉድ ማርሻል ነገሩን በአንድ ጥያቄ አወጡት። ቴክሳስ ለነዚህ ሰዎች የእሳት አደጋ አገልግሎት የሚነፍግ ሕግ ማውጣት ትችላለች ወይ ብለው ጠየቁ። ሕጉን የሚከላከለው ጠበቃ አትችልም ይመስለኛል አለ። ማርሻል ለምን ብለው ቀጠሉ፤ ጠበቃው አጥጋቢ መልስ አጣ። ታዲያ የሰውየው ቤት ከልጁ ይበልጣል ማለት ነው ወይ ሲሉ ጠየቁት። ማርሻል ዳኛ ከመሆናቸው በፊት በ1954 ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን የሚለየው ሥርዓት እንዲወድቅ የተከራከሩ ጠበቃ ናቸው። ጥያቄው ከየት እንደመጣ ለማንም ግልጽ ነበር።

በሰኔ 15 ቀን 1982 ፍርዱ ወጣ። የብዙኃኑን ሐተታ የጻፉት ዳኛ ዊሊያም ብሬናን ናቸው፤ ማርሻል፣ ሃሪ ብላክመን፣ ሉዊስ ፓወልና ጆን ፖል ስቲቨንስ ተስማምተዋል። በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ መልሳቸው ቁርጥ ያለ ነው፤ በኢሚግሬሽን ሕግ ያለው ሁኔታ ምንም ይሁን ምን የውጭ ተወላጅ ሰው ነው፣ በግዛቱ ወሰን ውስጥ እስካለ ድረስም ለግዛቱ ሕግ ይገዛል፤ የሚገዛበት ሕግ ደግሞ ሊጠብቀው ይገባል። ይህ አዲስ ነገር አልነበረም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1886 በሳን ፍራንሲስኮ ልብስ በማጠብ ይተዳደሩ የነበሩ ቻይናውያንን ጉዳይ ሲያይ የ14ኛው ማሻሻያ ጥበቃ ለዜጎች ብቻ አይደለም ብሎ ነበር። በ1896 ደግሞ ዎንግ ዊንግ በተባለው ጉዳይ፣ መንግሥት አንድን ሰው ያለ ፈቃድ በመግባቱ ከአገር ሊያስወጣው ቢችልም ያለ ፍርድ በጉልበት ሥራ እስራት ሊቀጣው አይችልም ሲል ወስኗል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ ይህ ነው፦ በዚህ ነጥብ የተቃወሙት አራቱ ዳኞችም አልተለዩም። የልዩነቱን ሐሳብ የጻፉት የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ዋረን በርገር፣ የእኩል ጥበቃው አንቀጽ በአካል በግዛቱ ውስጥ ላለ የውጭ ሰው ሁሉ እንደሚሠራ ተቀብለዋል። ጠቡ ከዚያ ቀጥሎ ባለው ጥያቄ ላይ ነው።

አምስት ለአራት

አንቀጹ የሚመለከታቸው መሆኑ ብቻ አያሸንፍም። ግዛት ሰዎችን በተለያየ መንገድ የሚያይ ሕግ ዕለት ዕለት ያወጣል፤ አብዛኛውም ይጸናል። ፍርድ ቤቱ አንድን ሕግ አጥብቆ የሚመረምረው መሠረታዊ መብት ሲነካ ወይም እንደ ዘር ባለ አጠራጣሪ መለያ ሰዎችን ሲከፍል ነው። ልጆቹ በዚህ በኩል ሁለት እንቅፋት ነበረባቸው። አንደኛ፣ ያው ፍርድ ቤት በ1973 በሳን አንቶኒዮ የትምህርት ቤቶች ጉዳይ ትምህርት በፌዴራሉ ሕገ መንግሥት መሠረታዊ መብት አይደለም ብሎ ነበር፤ ያንን ፍርድ የጻፉት ደግሞ ድምፃቸው አሁን የሚፈለገው ፓወል ራሳቸው ናቸው። ሁለተኛ፣ ያለ ፈቃድ መግባት ሰው በፈቃዱ የሚያደርገው ነገር ስለሆነ ወረቀት አለመኖር እንደ ዘር ሊታይ አይችልም።

ብሬናን ሁለቱንም አልካዱም። የሄዱት በመሐል ነው። ትምህርት መሠረታዊ መብት ባይሆንም እንደ ሌላ የመንግሥት ድጎማ የሚቆጠር ነገር ግን አይደለም፤ ማንበብና መጻፍ የተከለከለ ልጅ ጉዳቱ ዕድሜ ልኩን ይከተለዋል አሉ። ወላጆቹ ሕግ ጥሰው ገብተው ሊሆን ይችላል፤ ልጁ ግን የወላጁን ሥራም የራሱንም ሁኔታ የሚለውጥበት አቅም የለውም። ወላጅን ለመቅጣት ልጅን መምታት ከፍትሕ ጋር አይሄድም። ስለዚህ ግዛቱ እንዲህ ያለ ክልከላ ሲያደርግ የሚያስገኘው ከባድ ጥቅም መኖሩን ማሳየት አለበት።

ቴክሳስ ሦስት ምክንያት አቀረበች። ፍልሰቱን ለመግታት ነው አለች፤ ፍርድ ቤቱ ሰዎቹን የሚስበው ሥራ መሆኑን አስታውሶ፣ ልጆችን ማስከፈል ለዚያ የሚፈይደው እንደሌለ ተናገረ። የትምህርት ጥራትን ለመጠበቅ ነው አለች፤ እነዚህ ልጆች ከሌሎቹ የተለየ ወጪ እንደሚያስከትሉ የሚያሳይ ማስረጃ አልነበረም። ነገ ከግዛቱ ሊሄዱ ለሚችሉ ልጆች ለምን እናወጣለን አለች፤ ማንኛውም ዜጋም ነገ ወደ ሌላ ግዛት ሊሄድ ይችላል፣ ከነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ደግሞ እዚሁ ይቀራሉ፣ አንዳንዶቹም ሕጋዊ ነዋሪ ወይም ዜጋ ይሆናሉ ተባለ። ብሬናን ያስፈራቸው ለዘለዓለም በጥላ ሥር የሚኖር፣ ለርካሽ ጉልበት የሚፈለግ፣ ነገር ግን ኅብረተሰቡ ለሌሎች የሚሰጠውን የሚነፈግ የበታች መደብ መፈጠሩ ነው። አገሪቱ በአንድ እጇ ጉልበታቸውን እየተቀበለች በሌላው ልጆቻቸውን ለመሃይምነት እንድታሳልፍ ሊፈቅዱ አልቻሉም።

የፓወል ድምፅ የተገኘው ቀላል በሆነ መንገድ አይደለም። ዳኛ ከመሆናቸው በፊት የሪችመንድ ከተማ የትምህርት ቦርድ ሊቀ መንበር ነበሩ፤ ሥራውን ያውቁታል። ብሬናን ረቂቃቸውን ደጋግመው ያሻሻሉት እርሳቸውን ላለማጣት ነው። ለዚህም ነው ፍርዱ ስለ ልጆች ብቻ የሚናገረው። ለአዋቂዎች የሚተርፍ ሰፊ መርህ ብሬናን ቢያክሉበት አምስተኛውን ድምፅ ሊያጡ ይችሉ ነበር። ጠባብነቱን የሚወቅሱ የሕግ ምሁራን አሉ። እኔ ግን ጠባብ ሆኖ መጽናቱን ሰፊ ሆኖ ከመውደቁ እመርጣለሁ።

የተቃዋሚዎቹን ሐሳብ ንቆ ማለፍ አይገባም። በርገር ከባይረን ዋይት፣ ከዊሊያም ሬንኲስትና ከሳንድራ ዴይ ኦኮነር ጋር ሆነው የጻፉት፣ ልጆችን ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ማገድ ለሠለጠነ ኅብረተሰብ የማይረባ ፖሊሲ ነው ብለው ነው። ሆኖም መጥፎ ፖሊሲ ሁሉ ሕገ መንግሥትን አይጥስም፤ ማስተካከል የምክር ቤት እንጂ የዳኛ ሥራ አይደለም አሉ። ዛሬ ፍርዱን ሊያስለውጡ የሚነሡ ሁሉ የሚመለሱት ወደዚህ ጽሑፍ ነው። ፍርዱ በወጣበት ዕለት በፍትሕ ሚኒስቴር ይሠራ የነበረ አንድ ወጣት ጠበቃ፣ መንግሥት ቴክሳስን ደግፎ አስተያየት አለማቅረቡን የሚነቅፍ ማስታወሻ ከአንዲት ባልደረባው ጋር ጽፎ ነበር። ያ ጠበቃ ከ2005 ጀምሮ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት የሆኑት ጆን ሮበርትስ ናቸው።

ፍርዱ ያልሰጠው

ልጆቹ ትምህርት ቤት የመግባት መብት አገኙ። ወረቀት ግን አላገኙም። ይህን መለየት የጉዳዩ ዋና ትምህርት ነው። በኢሚግሬሽን ሕግ በኩል ሁኔታቸው ባለበት ቀረ፤ በማግስቱ ተይዘው ሊባረሩ ይችሉ ነበር፣ የሥራ ፈቃድም የላቸውም። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1984 ያው ፍርድ ቤት ወደ ሌላው ጎን ያዘነበለ ውሳኔ ሰጠ፤ በወንጀል ክስ ያለ ሕግ የተገኘ ማስረጃ ውድቅ የሚደረግበት መርህ በዲፖርቴሽን፣ ማለትም ሰውን ከአገር በማስወጣት ጉዳይ በአብዛኛው አይሠራም አለ። እንደ ሰው ትጠበቃለህ፣ እንደ ነዋሪ ግን ዋስትና የለህም የሚለው ሁኔታ እስከ ዛሬ ወረቀት የሌለው ሰው የሚኖርበት ነው።

የታይለር ልጆችን ከዚህ ያወጣቸው ፍርድ ቤት ሳይሆን የፌዴራሉ ምክር ቤት ነው። በ1986 በፕሬዚዳንት ሬገን የተፈረመው የምሕረት ሕግ ከጥር 1 ቀን 1982 በፊት ጀምሮ በአሜሪካ ይኖሩ ለነበሩ ሰዎች ሕጋዊ ነዋሪነት ፈቀደ፤ በአጠቃላይ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች በዚያ ሕግ ወረቀት አገኙ። ከሳሾቹ ቤተሰቦችም ተጠቀሙበት። ከልጆቹ ብዙዎቹ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሰው እዚያው ታይለር ሠራተኛና ወላጅ ሆነው ቀሩ፤ ነገ ይሄዳሉ የሚለው የቴክሳስ ክርክር በነርሱ ላይ አልሠራም። ፕላይለርም ከዓመታት በኋላ ሲጠየቁ ዲስትሪክታቸው በመረታቱ ደስተኛ መሆናቸውን ተናግረዋል። ክሱ በስማቸው የቆመባቸው ሰው ይህን ማለታቸውን አከብራለሁ።

ከዚያ ምሕረት በኋላ ለመጡት ግን ተመሳሳይ በር አልተከፈተም። ልጁ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 12ኛ ክፍል ይማራል፤ እንግሊዝኛውም ጓደኞቹም ሕልሙም የዚያ አገር ይሆናል። ሲመረቅ ግን ለሥራ የሚያስፈልገው ሶሻል ሴኩሪቲ የሚባል የመንግሥት መለያ ቁጥር የለውም፣ ከፌዴራል መንግሥት የትምህርት እርዳታ አያገኝም፣ ሕጋዊ ሥራ አይቀጠርም። ብዙ ወጣቶች ወረቀት እንደሌላቸው የሚያውቁት በዚያ ሰዓት ነው፤ ወላጆቻቸው እስከዚያ ነገሩን ደብቀዋቸው ይኖራሉ። ዳካ የተባለው የኦባማ መርሃ ግብር የታወጀው በሰኔ 15 ቀን 2012 ነው፣ ከፍርዱ ልክ 30 ዓመት በኋላ በዚያው ዕለት። እርሱም ቢሆን ከመባረር ጊዜያዊ እፎይታና የሥራ ፈቃድ እንጂ ቋሚ ነዋሪነት አይሰጥም፤ ከ2007 ወዲህ የገባ ደግሞ አይመለከተውም።

ፍርዱን ለመሸርሸር የተደረጉ ሙከራዎች

በ1994 የካሊፎርኒያ መራጮች 59 በመቶ በሚሆን ድምፅ 187 የተባለውን የሕግ ሐሳብ አጸደቁ። ሕጉ ወረቀት የሌላቸውን ልጆች ከሕዝብ ትምህርት ቤት ያግድ ነበር። የፌዴራል ዳኛ ማሪያና ፌልዘር አስቆሙት፤ የትምህርቱ ክፍል የታይለርን ፍርድ በቀጥታ የሚቃረን ስለነበር ብዙ ምርመራ አላስፈለገውም። አላባማ በ2011 የሄደችበት መንገድ ረቂቅ ነው። ማንንም አላገደችም፤ አዲስ የሚመዘገቡ ተማሪዎች የኢሚግሬሽን ሁኔታ ይጣራ ብቻ አለች። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ግን በርካታ የላቲኖ ልጆች ከክፍል ቀሩ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2012 ያንን ክፍል ሲሽር ጥያቄው ራሱ ልጁን ከትምህርት መብቱ እንደሚያርቀው ተገንዝቦ ነው። ይህ ፍርድ ብዙ አይወራለትም፤ ለወላጆች ግን ከዋናው የማያንስ ጥቅም አለው።

ቴክሳስ ራሷ በሁለት አቅጣጫ ተጉዛለች። በ2001 ገዥው ሪክ ፔሪ በፈረሙት ሕግ፣ በግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ የተማሩ ወረቀት የሌላቸው ወጣቶች በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ እንደ ግዛቱ ነዋሪ እንዲከፍሉ በመፍቀድ ከሁሉም ግዛቶች ቀዳሚ ሆነች። በሰኔ 2025 የፌዴራሉ መንግሥት ሕጉን ከሰሰ፤ የግዛቱ ጠበቆች ሳይከራከሩ ተስማሙ፤ ሕጉም በዚያው ወደቀ። ገዥው ግሬግ አቦት ደግሞ በ2022 የ1982ቱ ፍርድ እንደገና ሊታይ ይገባል ብለው ነበር። በ2025 የቴነሲ ሴኔት ትምህርት ቤቶች ወረቀት የሌላቸውን ልጆች እንዲያስከፍሉ ወይም እንዲከለክሉ የሚፈቅድ ረቂቅ አሳለፈ፤ በሌላው ምክር ቤት ሳያልፍ ቆመ።

ዛሬ ልጅ ለሚያስመዘግብ

ፍርዱ እስካልተሻረ ድረስ ማንኛውም የሕዝብ ትምህርት ቤት ልጅን በኢሚግሬሽን ሁኔታው ምክንያት ሊመልሰው አይችልም። የፍትሕና የትምህርት ሚኒስቴሮች በ2011 እና በ2014 ለዲስትሪክቶች በጻፉት መመሪያ እንደተብራራው፣ ትምህርት ቤቱ ልጁ በክልሉ የሚኖር መሆኑን እንደ ኪራይ ውል ወይም የመብራት ቢል ባለ ወረቀት ሊጠይቅ ይችላል፤ ዕድሜውንና ክትባቱንም እንዲሁ። የውጭ አገር የልደት ወረቀት በመሆኑ ብቻ አልቀበልም ማለት አይችልም። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው ልጅ በዚያ ምክንያት አይከለከልም። የምዝገባ ሠራተኛ ቪዛ ወይም ግሪን ካርድ ከጠየቀ ምናልባት ሕጉን ስለማያውቅ ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄውን በጽሑፍ እንዲሰጥ መጠየቅ ብዙ ጊዜ ነገሩን ያስተካክለዋል። ካልተስተካከለም የዲስትሪክቱን ቢሮ ወይም በነፃ የሚረዱ የስደተኞች ጠበቆችን ማነጋገር ይቻላል።

የኢሚግሬሽን ፖሊሶች በትምህርት ቤትና በቤተ እምነት አካባቢ እንዳይዙ የሚገድበው የቆየ መመሪያ በጥር 2025 ተሽሯል። ይህ የወላጆችን ስጋት ጨምሯል፤ ምክንያቱ ይገባኛል። ነገር ግን መመሪያው የተሻረው ለፖሊሶቹ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ልጁን የመመዝገብ ግዴታው አልተነካም፣ የተማሪን መዝገብ የሚጠብቀው የፌዴራል ሕግም አለ።

ወደፊት ሊመጣ የሚችለው ክርክር የሚያተኩረው ወጪ ላይ ይመስለኛል። በ1977 ታይለር ውስጥ ያልነበረውን አኃዝ ለመፍጠር ትምህርት ቤቶች የተማሪዎችን ሁኔታ ይቁጠሩ የሚል ግፊት በአንዳንድ ግዛቶች የተጀመረው ለዚህ ነው። ዘጠኙ የአሁኖቹ ዳኞች በዚያ ነጥብ ምን እንደሚሉ ማንም አስቀድሞ ሊናገር አይችልም። ፍርዱ ቢቀየር እንኳ የሚወድቀው አምስት ለአራት የተወሰነው ክፍል ነው። ወረቀት የሌለው ሰው በሕገ መንግሥቱ ፊት ሰው ነው የሚለው በዚያ አምስት ለአራት ላይ አልቆመም፤ በርገርም ሬንኲስትም ተቀብለውታል፣ ከነርሱ በፊት ደግሞ ከ1886 ጀምሮ ቆይቷል። ደመወዙ ሲከለከል የሚከስ፣ ሲደበደብ ፖሊስ የሚጠራ፣ ያለ ፍርድ አልታሰርም የሚል ሰው የሚደገፍበት መሠረት ይኸው ነው።